ነፋስን አሸንፋ በአንቀጽ የተሸነፈች ብስክሌት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛል። ከውጫሌ ቀጥሎ ውርጌሳ፣ ከውርጌሳ ቀጥሎ መርሳ፣ ከዚያም ሲሪንቃ እያለ ወልድያ ይገባል። በዚህ መስመር ላይ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው ውጫሌ ናት። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት ውል በስሟ ይጠራል። የውሉ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ አማካይነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲናገር፣ በኢጣልያንኛው ግን መጠቀም ግዴታቸው እንደሆነ ተደርጎ ተጻፈ። መቻልና መገደድ! በአንድ ግሥ ልዩነት የተለኮሰው ነገር በሰባተኛው ዓመት ዓድዋ ላይ በደም ተፈታ።

ስለ ብስክሌት ሊጽፍ የተነሳ ሰው ከውጫሌ ውል ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። የብስክሌትም ታሪክ እንዲሁ በአንድ አንቀጽ የታጠፈበት ዘመን አለው። በሰው እግር ብቻ ከሚነዱት ሁሉ ፈጣን የሆነች አንዲት ብስክሌት ነፋስን ረታ፣ በሰዓት የተለካውን ክብረ ወሰን ሰብራ ሳለ፣ «ብስክሌት ማለት ይህ ነው» የሚል አንቀጽ ተጽፎ ከውድድር ወጣች። ያ በሆነበት ዘመን ደግሞ በውርጌሳ በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ በወራሪ እጅ ተሠራ፤ በዚያው መንገድ ማዶ ጫፍ፣ አሥመራ ላይ፣ «ብስክሌተኛ ማለት ነጭ ነው» የሚል ሌላ ዓይነት አንቀጽ ነገሠ። የሁለቱ አንቀጾች ዕድል ግን የተለያየ ሆነ። ይህ ጽሑፍ የሚያወጋው ይህንኑ ነው። የባሕር ማዶውን ነገር ስንተርክ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. እያልን እንጠራዋለን።

ነፋስ የሚያስከፍለው ግብር

ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ጠላቱ ዳገት ይመስለዋል። ዳገት በዓይን ይታያላ! ሌላው ጠላት ግን አይታይም። በደልዳላ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚበር ብስክሌተኛ ከሚያወጣው ጉልበት ከአምስት አራት እጅ ያህሉ የሚያልቀው ፊቱ ያለውን አየር ሰንጥቆ ለማለፍ ነው። የሚከፈለው ግብር ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያን ተቃውሞ ለማሸነፍ በየሴኮንዱ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው፣ ደረቱን የሚመታው አየር የ40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እግሩ ባለበት ቢሽከረከርም ጉልበቱ የት እንደገባ ሳያውቀው ያልቃል።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ነፋሱ የሚመታውን የሰውነት ክፍል ማሳነስ ነው። በተለመደው ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ተዘረጋ ሸራ ነው፤ ደረቱ፣ ሆዱ፣ ጭኑ ሁሉ ለነፋሱ የተሰጠ ነው። በጀርባው ጋለል ብሎ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ፔዳሉን ቢመታ ግን ለነፋሱ የሚቀርበው የእግሩ ጫማና የትከሻው ስፋት ብቻ ይሆናል። ይህቺ ናት ተንጋለው የሚነዷት ብስክሌት። ጀርባን የሚደግፍ ወንበር አላት፤ ፔዳሏ ከበታች ሳይሆን ከፊት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ሽፋን ነው። ሰውየውንም ብስክሌቱንም እንደ ዓሣ ወይም እንደ እንቁላል በለሰለሰ ቅርፊት መክተት። አየሩ በቅርፊቱ ላይ ሳይቆራረጥና ሳይዞር ተንሸራቶ ያልፋል፤ ከኋላም ወደ ኋላ የሚጎትት ባዶ ቦታ አይፈጥርም። ፈረንሳዊው ኤቲየን ቡኖ ቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዲህ ያለ ሽፋን ለተራ ብስክሌት ሠርቶ ነበር። «የብስክሌት ቶርፔዶ» የሚል ስም የተሰጣትን ይህችን ብስክሌት የነዳት ማርሴል ቤርቴ የሚባል የታወቀ ተወዳዳሪ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ማኅበር እንዲህ ያሉ ሽፋኖችን ከውድድር አገደ። የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ መሆኑ ነው።

የሞሼ ግማሽ መኪና

ሻርል ሞሼ ፈረንሳዊ ነበር፤ ትንንሽ መኪናዎችንም ይሠራ ነበር። ለልጁ ለዦርዥ መጫወቻ ሲያስብ እናቱ ብስክሌት አደገኛ ነው ብላ ስለፈራች በእግር የምትነዳ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ሠራለት። ልጁ በጋሪዋ የብስክሌት ልጆችን ሁሉ ቀደመ። አባት ይህን ሲያይ ለአዋቂ የሚሆን ሁለት ሰው የሚይዝ፣ በፔዳል የሚሄድ ነገር ሠራና «ቬሎካር» አለው። ቤንዚን አይጠጣም፣ ዋጋው ከመኪና ያነሰ ነው፣ ዝናብም ከላይ ይከለክላል። ቀጥሎም ይህንኑ ቬሎካር በቁመቱ ለሁለት የከፈለው ያህል ባለ ሁለት ጎማ አደረገው። ተንጋለው የሚነዷት ፈጣኗ ብስክሌት በዚህ ተወለደች።

ይህችን ነገር በውድድር ሜዳ ለማሳየት ሞሼ ታላላቅ ብስክሌተኞችን ቢለምን እሺ የሚለው አጣ። ወንበር ላይ ተዘርግቶ መወዳደር መሳቂያ መሆን መስሏቸው ይሆናል። በመጨረሻ ፍራንሲስ ፎር የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ተወዳዳሪ እሺ አለው። ፎር በተራ ብስክሌት ሲወዳደር ከአውራዎቹ የሚቆጠር አልነበረም። በቬሎካር ላይ ሲንጋለል ግን አውራዎቹ ከኋላው ተንጠባጠቡ። እርሱን ተገን አድርጎ ከነፋስ ለመጠለል የሞከረም መጠለያ አጣ፤ ፎር ከመሬት ዝቅ ያለ ነበርና ከኋላው የሚከተለውን ሰው አይጋርድም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1933፣ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ ፎር ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። የስዊሱ ኦስካር ኤግ እ.ኤ.አ. በ1914 ያቆመው 44.247 ኪሎ ሜትር ለ19 ዓመት ሳይደፈር የኖረ ነበር። የዚያኑ ዓመት ኦገስት ሞሪስ ሪሻር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በተለመደው ብስክሌት 44.777 ኪሎ ሜትር ሄደ። አሁን ሁለት ሰዎች የኤግን ክብረ ወሰን ሰብረዋል ማለት ነው። ማን ነው ባለ ክብረ ወሰኑ? ይበልጥ ርቆ የሄደው ፎር ነው ወይስ በለመድነው ዓይነት ብስክሌት የሄደው ሪሻር?

ጥያቄው ወደ ማኅበሩ ሸንጎ ቀረበ። ሞሼ አስቀድሞ ሕጉን አገላብጦ ነበር፤ ተንጋልሎ መንዳትን የሚከለክል ቃል አላገኘበትም። ብስክሌቷ ሁለት ጎማ፣ ፔዳልና ካቴና አላት፤ ሞተርም ሽፋንም የላትም። ተከራካሪዎቹ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ፤ «ይህ ብስክሌት ነው ወይ?» አሉ። ጥያቄው ከሰውየው እግር ወደ መዝገበ ቃላት ዞረ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 1 ቀን 1934 የወጣው አዲስ ድንጋጌ የውድድር ብስክሌት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሴንቲሜትር ወሰነ። ፔዳሉ የሚዞርበት ማዕከል ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከኮርቻው ምን ያህል ፊት ሊሆን እንደሚችል፣ ከፊት ጎማ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ተጻፈ። ቬሎካር ከአንቀጹ ውጭ ቀረች። የፎር 45 ኪሎ ሜትር ሌላ መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ፤ ክብሩ ለሪሻር ሆነ። ሻርል ሞሼም በዚያው በ1934 አረፈ።

ልጁ ዦርዥና ፎር ግን አልተዉትም። ከውድድር ከወጡ ዘንድ ሽፋን መጨመሩን የሚከለክላቸው የለም። ሩጫው ከ50 ኪሎ ሜትር ጋር ነበር። ከጥንቱ ቶርፔዶ ጀምሮ ይህን ሐሳብ ያልረሳው ቤርቴ፣ ዕድሜው ከአርባ አልፎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1933 ሽፋን ባለው ብስክሌት 49.992 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር። ስምንት ሜትር ብቻ ጎደለው! እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1939፣ የካቲት 26 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ፎር በሽፋን በተለበጠችው ቬሎካር 50.537 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከፊቱ ነፋስ የሚከላከልለት መሪ ሳይኖር በራሱ ጉልበት በአንድ ሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በተለመደው ብስክሌት ይህን ያህል ርቀት ለማለፍ ዓለም 45 ዓመት ያህል ጠበቀ፤ ኢጣልያዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1984 ሜክሲኮ ላይ 50.808 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነው ያለፈው።

በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ

እስቲ አሁን ዓመቶቹን ወደ አገራችን እናምጣቸው። የፓሪሱ ድንጋጌ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወሎ ውስጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ሳሉ ከተማዪቱ በ1928 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአየር ተደበደበች። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተዋጋው ጦራችን ተፈታ። የጠላት ጦር ከቆረም ወደ ደቡብ ገስግሶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ኢጣልያኖች አሥመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን፣ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ አጣድፈው የሠሩት ከዚህ በኋላ ነው። የድል መንገድ የሚል ስም ሰጡት። የጣርማበር ዋሻ የተበሳው በዚሁ ሥራ ነው። ውርጌሳም የዚህ መንገድ ዳርቻ ከተማ ሆነች።

መንገድ ግን ለሠራው ብቻ አያገለግልም። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ከፋሺስት እጅ ከወጣች በኋላ የደቡብ አፍሪቃ ብርጌድ በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ ከኢትዮጵያ አርበኞችና ከሌሎች የእንግሊዝ ወታደሮች ጋር አምባ አላጌን ከበበ። የኢጣልያ ጦር አዛዥ ግንቦት 11 ቀን እጁን ሰጠ። የድል መንገድ የተባለው የሽንፈት መንገድ ሆነ።

በመንገዱ ጫፍ በአሥመራ ደግሞ ብስክሌት ሥር ሰድዶ ነበር። ዛሬ አማርኛችን ውስጥ የሚገኙት የብስክሌትና የመኪና ቃላት የዚያን ዘመን ማኅተም ይዘዋል፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓ፣ ጎሚስታ ሁሉም የኢጣልያንኛ ልጆች ናቸው። «መሪ» እና «ኮርቻ» የሚሉት ግን የራሳችን ናቸው፤ ከበቅሎና ከፈረስ ወርሰናቸዋል። ውድድር ግን ለነጭ የተጠበቀ ነበር። ጊዜው የዘር ሕግ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 1937 የወጣው አዋጅ ኢጣልያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 1939 የወጣው ሌላ ሕግም የነጩን «ክብር» የሚጠብቅ ተብሎ ይበልጥ አጠነከረው። በአንድ አውቶቡስ አብሮ መቀመጥ ያልተፈቀደለት ሰው በአንድ የውድድር መስመር ላይ ሊሰለፍ እንዴት ይታሰባል?

ነገር ግን ገዢዎቹ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ማለት ፎር በሽፋን 50 ኪሎ ሜትርን ባለፈበት ዓመት፣ የኤርትራ ተወላጆችን ከኢጣልያኖች ጋር ለጉልበት ፈተና አወዳደሩ። ምን ሊያሳዩ አስበው እንደሆነ መገመት አይከብድም። ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ ነው። የጥቁር እግር የነጭን አይቀድምም የሚለው አንቀጽ በአንድ ቀን ውድድር ተቀደደ።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ አንቀጾች የሚለያዩት። ገብረማርያም ሊሳተፍ ከተፈቀደለት በኋላ ማሸነፉ ማስረጃ ሆነ። ፎር ግን ካሸነፈ በኋላ ማሸነፉ ራሱ የክስ ማስረጃ ሆነበት። አንደኛውን በሩ ላይ የከለከለው የዘር ትምክህት ነው፤ በሕሊናም በታሪክም ይፋረዱታል። ሁለተኛውን የከለከለው የልማድ ፍርሃት ነው፤ በእርሱ የተፈረደበት የለም። የዘር በደልና የአንዲት መሣሪያ መታገድ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ማንም አያስቀምጣቸውም። ቢሆንም ሁለቱም አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ ማን ይበልጣል ከሚለው ጥያቄ በፊት ማን ይቆጠራል የሚለውን የሚጽፍ እጅ አለ።

በእንግሊዝ ሞግዚት አስተዳደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተካሄደ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፈለች፤ ሜልቦርን፣ ኅዳር 1949 ዓ.ም.። ብዙ ሰው የኦሊምፒክ ታሪካችን ከአበበ ቢቂላ የሚጀምር ይመስለዋል። ከሮም አራት ዓመት በፊት ግን ሜልቦርን ላይ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ፣ ኃይሉ ፋና። ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያ በቡድን ዘጠነኛ ወጣች። በኢጣልያ መንገድና በኢጣልያ ቃላት የመጣው ስፖርት ልጆች ወልዶ ነበር ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ የፈረንሳይን ዙር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአሥመራው ቢንያም ግርማይ በዚያው ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ1939 አሥመራ ላይ የተከፈተው በር እስከዚህ ደረሰ።

ከመዝገብ ውጭ የኖረችው

የተባረረችውስ ብስክሌት ምን ሆነች? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን ስትያዝ ቤንዚን ጠፋ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሞሼ ባለ አራት ጎማ ቬሎካር አዞረ። ሸንጎ የናቃትን ችግር አከበራት። ጦርነቱ አልፎ ቤንዚን ሲመለስ ደግሞ ተረሳች።

እንደገና የተነሳችው ዓለም በነዳጅ ችግር በተናወጠበት በ1970ዎቹ ነው (እ.ኤ.አ.)። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ቼስተር ካይል የአየርን ተቃውሞ ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ በጀመረው ጥናት ተነሳስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ የቅርጽ ሕግ የሌለበት ውድድር አዘጋጀ። ጉልበቱ የሰው ይሁን እንጂ ቅርጹ እንደ ፈለገ ይሁን! በሚቀጥለው ዓመት በሰው ጉልበት የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፍሬድ ማርካም ሽፋን ባላት ተንጋላይ ብስክሌት በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳዊው ቶድ ራይከርት በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ላይ 144.17 ደረሰ። በአንድ ሰዓት የሚለካው ደግሞ በእነዚህ ብስክሌቶች ከ92 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ በተለመደው ብስክሌት ኢጣልያዊው ፊሊፖ ጋና እ.ኤ.አ. በ2022 የሄደው 56.792 ነው። የአንቀጽ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

በዋናው መዝገብም ቢሆን ክርክሩ አልበረደም። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ ገጥሞ በገዛ እጁ በሠራት ብስክሌት፣ ክንዱን ከደረቱ ሥር አጣጥፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የሰዓቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ብዙ ሳይቆይ አቀማመጡ ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2000 ማኅበሩ ሕጉን እንደገና ሲጽፍ የክሪስ ቦርድማን 56.375 ኪሎ ሜትር ወደ ሌላ ዝርዝር ተዛወረ። ፎር በሕይወት ኖሮ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ለማኅበሩ ግን ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። ውድድር የሰውን እግር ለመለካት ነው እንጂ የወርክሾፕን ሀብት ለመለካት አይደለም የሚለው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። ቅርጹ ልቅ ቢሆን ገንዘብ ያለው ሁሉ ያሸንፍ ነበር። ጥፋቱ አንቀጽ መጻፉ አይደለም። ጥፋቱ ለውድድር የተጻፈው አንቀጽ ከሜዳው ወጥቶ ገበያውን መግዛቱ ነው። ፋብሪካው ሻምፒዮኑ የሚነዳውን ይሠራል፤ ሕዝብም የተሠራውን ይገዛል። እንዲህ እያለ፣ ክብረ ወሰን የመስበር አሳብ የሌለው ፖስተኛና ገበያተኛ ሁሉ ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ እንዲኖር ተፈረደበት።

በውርጌሳ መንገድ ላይ ቢሆንስ?

ይህን ሁሉ ካልን ዘንድ መሣሪያዋን በሐሳብ ወደ ሀብሩ እናምጣት። ውርጌሳና መርሳ በወሎ ደጋና በአፋር ቆላ መካከል ባለው ተዳፋት ላይ ናቸው። በልግ ሲሰጥ በየካቲትና በመጋቢት ያካፋል፤ ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ነፋስም ዝናብም ያልጎደለበት አገር ነው።

በእንዲህ ያለው ቀን ተራው ብስክሌተኛ ዶፉን በደረቱ ይቀበላል፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ጀርባውን ያለብሰዋል። ዣንጥላ ይዞ የሚነዳ ሲገኝ ደግሞ በአንድ እጁ መሪና ፍሬን ሊይዝ ነው። ሽፋን ባላት ውስጥ የተንጋለለ ሰው ግን ዝናቡ ቅርፊቱን ሲመታ ይሰማዋል እንጂ አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዴንማርካዊው ካርል ጌኦርግ ራስሙሰን ሌይትራ የተባለችውን ባለ ሦስት ጎማ የሠራው ለዚህ ነው፤ ክብረ ወሰን ለመስበር ሳይሆን ሰው በዝናብም በበረዶም ሥራው እንዲደርስ። ሦስት ጎማ ስላላት በእርጥብ አስፋልት ላይ አትወድቅም፤ ቆማም ሚዛን መጠበቅ አያሻትም።

ግን «በሬ ሆይ! ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይባላል። የመጀመሪያው ገደል ክብደት ነው። ሽፋን ያላት ባለ ሦስት ጎማ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ትመዝናለች፤ ተራው ብስክሌት ከ10 እስከ 15 ነው። መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወልድያ ግን ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። ያን ያህል ሽቅብ ሲወጣ ነፋስ ከቁም ነገር አይገባም፤ ፍጥነት ስለሌለ የአየር ግብርም የለም። ሃያ ኪሎ ተጨማሪ ሸክም ግን ከሰውየውና ከብስክሌቱ ክብደት በላይ ከአምስት አንድ እጅ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ሽፋኑ ዳገት ላይ ጠላት፣ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ወዳጅ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ከጎን የሚመጣ ነፋስ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ነፋስ የሚያሞኘው ለስላሳ ቅርፊት ከጎን ሲመታ ሸራ ይሆናል። በሁለት ጎማ የምትሄድ ከሆነች ከተራራ ጥግ ወጥታ ድንገት ገላጣ ቦታ ስትደርስ ወይም ከባድ መኪና ሽው ብሎ ሲያልፋት ትገፈተራለች። ሦስተኛው ሙቀትና ላብ ነው። ዝናብ የማያስገባ ቅርፊት ላብም አያስወጣም፤ መስተዋቱ በትንፋሽ ይጨልማል፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ካልተበጀ ከውጭ የተረፈው ሰው ከውስጥ ይርሳል። አራተኛውና ክፉው ዝቅታዋ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ከፍ ብሎ ተቀምጦ በጉልበቱ ልክ የምትሄደውን ነገር ላያይ ይችላል። በአውሮፓ በረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ተክለው የሚነዷት ለዚህ ነው።

ስለዚህ በውርጌሳ መስመር ይህቺ መሣሪያ ዛሬውኑ መድኃኒት ናት ማለት ሐሰት ይሆናል። በባሕር ዳር ደልዳላ ጎዳናዎች፣ ብስክሌት የቤት ዕቃ በሆነበት ከተማ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረዋል። እዚያ ዳገት የለም፤ ክረምት ግን አለ።

አንቀጹን የሚጽፍ ማን ነው?

ነዳጅ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ሰው ወደ ራሱ ጉልበት መመለሱ በፓሪስ ታይቷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን አስታውቃለች። ከዚያ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ፣ እግረኛንና ብስክሌተኛን የሚመለከት አገራዊ ስልት ወጥቷል። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት የኮሪደር መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር ተቀብቷል። ነገሩ ቀለም ብቻ ሆኖ ካልቀረ መልካም ጅምር ነው።

መስመር ሲቀባ ግን «በዚህ መስመር የሚሄደው ማን ነው?» የሚለውም አብሮ ይጻፋል። በእጃቸው እያዞሩ የሚጓዙ የአካል ጉዳተኞች ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ውስጥ ይቆጠራል? ዕቃ የሚጭነው ባለ ሦስት ጎማስ? ነገ አንድ የወሎ ልጅ በብየዳ ቤት ቱቦ አጣምሞ፣ ላሜራና ሸራ አልብሶ፣ ተንጋልሎ የሚነዳት ነገር ይዞ ቢመጣ ትራፊኩ ምን ብሎ ያስቆመዋል? ጉምሩክ፣ ፈቃድ ሰጪው፣ ኢንሹራንሱ ሁሉም በፊታቸው ያለውን አንቀጽ ነው የሚያነቡት። አንቀጹ ብስክሌትን በኮርቻዋ ከፍታና በቅርጿ ከተረጐማት ልጁ ከነ መሣሪያው ውጭ ይቀራል። በሰው ጉልበት የሚሄድ ማንኛውም ነገር ብሎ ከተረጐማት ግን በሩ ክፍት ነው።

የውጫሌው አንቀጽ ሲጻፍ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር ይተርፍ ነበር። የፓሪሱ አንቀጽ ሲጻፍ «ይህ ለውድድር ብቻ ነው» የሚል አንድ ሐረግ ከሥሩ ቢሰፍርና ፋብሪካዎች ቢሰሙት ኖሮ፣ ምናልባት በዓለም ዙሪያ በዝናብ የሚበሰብሰው ብስክሌተኛ ቁጥር ዛሬ ያነሰ ነበር። የነፋስ ሕግ በማንም ሸንጎ አይሻሻልም፤ የሰው ሕግ ግን ይሻሻላል። የእኛ የብስክሌት አንቀጽ ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ ከመድረቁ በፊት የሚነዱትም ይጠየቁ።